ነሐሴ ላይ "እንዳለ ይታደስ" የተባለ ፖሊሲ፦ የአንዲት አሮጌ ቪትዝ የካሳ ጉዳይ ከአዳማ

ጉዳዩን ለምን ጻፍኩት

አሮጌ መኪና ተጋጭታ "ቶታል ሎስ" (ከመጠገን ይልቅ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋች የምትቆጠር) ስትባል፣ ባለቤቱ ኢንሹራንስ ቢሮ ገብቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። "ስንት ትከፍሉኛላችሁ?" ይላል። እኔም ብሆን ከዚያ የተለየ አልጠይቅም ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጎረቤቴን ፋይል ይዤ አዳማ ውስጥ ለወራት ስመላለስ ግን ሌላ ጥያቄ ተማርኩ። "ስብርባሪዋን ስንት ብላችሁ ገመታችኋት?" የሚለውን። በዚህ ጉዳይ ገንዘቡን የወሰነው እሱ ነው።

ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ የመድን ሰው አይደለሁም። ወረቀቱን የያዝኩት ጎረቤት ስለሆንኩ ነው። ባለመኪናዋ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። የሳቸውን፣ የመድን ድርጅቱንና የጋራዦቹን ስም ትቻለሁ። እዚህ "መምህርቷ" እላቸዋለሁ። አዳማ ይኖራሉ፣ ወንጂ ያስተምራሉ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል።

መኪናዋና ፖሊሲው

መኪናዋ በፈረንጆች 2003 የተሠራች ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ ኮድ 2። መምህርቷ በ2011 ዓ.ም. በ340 ሺህ ብር ገዟት። ስም ወዲያው ስላዞሩ ሊብሬው በራሳቸው ስም ነው። ይህን መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው በውክልና ነው የሚነዳው። ካሳ የመቀበያ ቀን ሲደርስ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ይፈለጋል። ያ ሰው ውጭ አገር ሄዶ ወይም ሞቶ ከሆነ ጣጣው ሌላ ነው።

መድኑ ሙሉ መድን ነበር። በ2012 በ400 ሺህ ብር የመድን ገንዘብ፣ ማለትም ድርጅቱ ቢበዛ በሚከፍለው ጣሪያ፣ ተጀመረ። በ2015 ወደ 600 ሺህ ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዳለ ታደሰ።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። እኛ ጋ አሮጌዋ ቪትዝ ከዓመት ዓመት ስትወደድ ኖረች። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ክፍት ሆነ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መኪናም መለዋወጫም አብረው ተሰቀሉ።

የመምህርቷ ፖሊሲ የታደሰው ደግሞ በዚያው ነሐሴ ነው። የመድን ወኪሉ ደውሎ "እትዬ፣ እንዳለ ይታደስ?" አላቸው። "እንዳለ" አሉት። ንግግሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። በዚያን ጊዜ እንደሷ ያለች መኪና አዳማ ውስጥ 1 ሚሊዮን ብር ገደማ ትጠየቅ ነበር። ወረቀቱ ላይ የቀረው 600 ሺህ ነው።

አደጋው

ኅዳር 2017፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ። መምህርቷ ወደ ሥራ እየሄዱ ወንጂ ማዞሪያ አካባቢ ከቆመ ሚኒባስ ኋላ ቆመዋል። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከኋላ መጣ። ሹፌሩ ፍሬን ቢይዝም አልቆመለትም። ቪትዟ በአይሱዙውና በሚኒባሱ መሃል ተጨፈለቀች። የኋላው ሳጥን ተጣጠፈ። ኮፈኑ፣ ራዲያተሩና መብራቶቹ ሄዱ። ግራ የኋላ በር ተቆለፈ። ሰውነቷ ከኋላ በኩል ተጣመመ።

መምህርቷ አንገታቸው ላይ ትንሽ ሕመም ነበራቸው እንጂ ደህና ወጡ። ሌላ የተጎዳ ሰውም የለም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የአደጋ ፕላን አነሳ። ጥፋቱ የአይሱዙው ሹፌር እንደሆነ ተመዘገበ። መምህርቷ ከዚያው ሆነው ለመድን ድርጅቱ ደወሉ። በማግሥቱ ደግሞ በጽሑፍ አስታወቁ። ይህ ፍጥነት በኋላ ጠቅሟቸዋል፤ ዘገያችሁ የሚል ክርክር ከቶ አልተነሳም።

የመጀመሪያው ምሽት

ማታ ሽማግሌዎች መጡ። የአይሱዙው ባለቤት የላካቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። በትህትና ነው የመጡት፤ ይቅርታም ጠይቀዋል። "እትዬ፣ ሰው ካልሞተ ንብረት ይተካል። በእርቅ እንጨርሰው" አሉ። 50 ሺህ ብር በእጃቸው ይዘዋል። በምላሹ መምህርቷ ከአይሱዙው ባለቤት ምንም እንደማይፈልጉ እንዲፈርሙ ጠየቁ።

መምህርቷ ሊፈርሙ ምንም አልቀራቸው። ሽማግሌ ደጃቸው መጥቶ እንዴት እምቢ ይላሉ? እኔ የተጠራሁት ያኔ ነው። "እትዬ፣ ለኢንሹራንሱ ሳንነግር አንዲት ወረቀት አይፈርሙ" አልኳቸው። ሽማግሌዎቹን ቡና አጠጥተን "እርቁን አንጠላም፣ ጊዜ ስጡን" ብለን ሸኘናቸው።

ምክንያቱ ሕግ ነው። የ1952ቱ ንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራል። አንቀጽ 683 እንደሚለው፣ መድን ድርጅቱ ካሳ ከከፈለ በኋላ በከፈለው ልክ በባለንብረቱ እግር ተተክቶ አጥፊውን ይጠይቃል። ባለንብረቱ አስቀድሞ "ከአጥፊው ምንም አልፈልግም" ብሎ ከፈረመ ድርጅቱ የሚተካበት መብት አይኖርም። ያን ጊዜ ድርጅቱ ካሳውን ልከልክል ቢል ምክንያት አለው። ለ50 ሺህ ብር ሲባል 600 ሺሁ ችግር ላይ ሊወድቅ ነበር።

ወረቀቱ

የተጠየቀው የተለመደው ነው። የፖሊስ ሪፖርትና ፕላን፣ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የተሞላ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ፣ የሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። የፖሊስ ሪፖርቱ በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ነው የተጻፈው። የአዳማው ቅርንጫፍ ያለ ችግር ተቀበለው። ፋይሉ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲደርስ ግን ትርጉም ተጠየቀ፤ ያን የሚነግረን ሰው እስኪገኝ ሁለት ሳምንት ሄደ። በመጀመሪያው ቀን አስተርጉመን አያይዘን ቢሆን ኖሮ ያ ጊዜ አይባክንም ነበር።

መኪናዋ ጋራዥ ግቢ ቆማ በቀን 150 ብር ይታሰብባት ነበር። በአሥረኛው ቀን ስንሄድ ባትሪዋ የለም። ጠባቂው አላየሁም አለ። ስትገባ ፎቶ ስላላነሳናት መከራከር አልቻልንም።

ሦስቱ መንገዶች

ሦስቱ ፕሮፎርማዎች 470 ሺህ፣ 515 ሺህና 548 ሺህ ብር አሉ። በዚህ ድርጅት አሠራር የጥገናው ዋጋ ከመድን ገንዘቡ 75 በመቶ ካለፈ መኪናው ቶታል ሎስ ይባላል። ትንሹ ፕሮፎርማ ራሱ 78 በመቶ ነው። ስለዚህ ቪትዟ ቶታል ሎስ ተባለች።

መምህርቷ ደነገጡ። "እንዴ! መኪናዬ ገና ትጠገናለች እኮ!" አሉ። እውነታቸውን ነው። 1 ሚሊዮን ለምታወጣ መኪና 470 ሺህ የጥገና ወጪ ከግማሽ በታች ነው። መኪናዋን ቶታል ሎስ ያደረጋት ከአይሱዙው በላይ 600 ሺህ የሚለው ቁጥር ነው።

የድርጅቱ መሐንዲስ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ቁጭ ብሎ መንገዶቹን በወረቀት አሳየን። እኔም ቤት ገብቼ እንደገና ሠራሁት።

አንደኛው መኪናዋን አስረክቦ ሙሉውን መቀበል ነው። 600 ሺህ፣ ሲቀነስ 10 ሺህ ኤክሰስ (ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ)፣ 590 ሺህ ብር። መኪናዋ የድርጅቱ ትሆናለች። በ590 ሺህ ተመሳሳይ ቪትዝ አይገዛም፤ ቢያንስ ሌላ 400 ሺህ ይጨመራል።

ሁለተኛው እንደ ከፊል ጉዳት ታይቶ እንዲጠገን መለመን ነው። እዚህ ጋ "አቬሬጅ" የሚሉት ስሌት ይመጣል። ንብረቱ ከዋጋው በታች መድን ከተገባለት ባለንብረቱ የጎደለውን ያህል የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል። ግማሽ ዋጋ ብቻ አስመዝግበህ ከሆነ ከጉዳቱም ግማሹን አንተ ትሸከማለህ። ብዙ ሰው ይህ ለትንሽ ግጭትም እንደሚሠራ አያውቅም። መከላከያ ብቻ ቢገጭ እንኳ ሂሳቡ ያው ነው።

ሦስተኛው ቶታል ሎሱን ተቀብሎ ስብርባሪዋን ማስቀረት ነው። ድርጅቶቹ ሳልቬጅ ይሉታል። ከ600 ሺሁ ላይ የሳልቬጁ ግምትና ኤክሰሱ ይቀነሳል፣ ቀሪው በገንዘብ ይከፈላል፣ መኪናዋ ባለችበት ሁኔታ ለባለቤቷ ትመለሳለች። መሐንዲሱ ሳልቬጁን 350 ሺህ ብሎ ገመተ። እንዲያ ከሆነ የሚከፈላቸው 240 ሺህ ነው።

ያልሠራው ነገር

የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ያጠፋሁት በስህተት ነው፤ ስህተቱም የኔ ነው። የመኪናዋን ትክክለኛ ዋጋ ካሳየን ካሳው ያድጋል ብዬ አሰብኩ። ከሁለት መኪና ሻጮች የጽሑፍ ግምት አመጣን። ሁለቱም 1 ሚሊዮን 100 ሺህ አሉ። በደስታ አስገባሁት።

ሁለት ነገር ሆነ። በቶታል ሎሱ በኩል ምንም አልተለወጠም። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 ካሳ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ፖሊሲው ደግሞ ከመድን ገንዘቡ በላይ አልከፍልም ይላል። ሁለት ጣሪያ አለ፣ የሚሠራው ዝቅተኛው ነው። ዋጋዋ 2 ሚሊዮን ቢሆንም ጣሪያው 600 ሺህ ነው።

በአቬሬጁ በኩል ደግሞ ጎዳን። መሐንዲሱ በራሱ ማስታወሻ መኪናዋን 950 ሺህ ብሎ ነበር የያዛት። በዚያ ስሌት ከ470 ሺሁ ጥገና የድርጅቱ ድርሻ ወደ 297 ሺህ ይሆናል። እኛ ባመጣነው 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ሲሰላ ወደ 256 ሺህ ወረደ። በገዛ ወረቀታችን 40 ሺህ ብር ቀነስን። የቁጥር ሰው ሆኜ ይህን አስቀድሜ አለማስላቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ማንኛውንም ማስረጃ ከማስገባትህ በፊት በየትኛው ቀመር ውስጥ እንደሚገባ ጠይቅ።

የሳልቬጁ ክርክር

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሦስተኛው መንገድ የዞርነው። 600 ሺሁ አይነቃነቅም። ኤክሰሱ አይነቃነቅም። የሚነቃነቀው 350 ሺሁ ነው፤ እሱ ግምት ነው።

መሐንዲሱን "350 ሺህ የመጣው ከየት ነው?" ብለን ጠየቅነው። ከመኪናዋ የገበያ ዋጋ ላይ በመቶኛ ወስዶ ነው። የኛ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ እዚህም ገብቶ ግምቱን ሳያንረው አልቀረም። እኛም "የተሰባበረ መኪና የሚሸጠው በጨረታ ነው፤ ገዢ የሚሰጠው ይታይ" አልን።

መምህርቷ ራሳቸው ተንቀሳቀሱ። የተጋጨ መኪና ገዝተው ከሚጠግኑ ሁለት ሰዎች በፊርማ የተደገፈ ዋጋ አመጡ። አንዱ 265 ሺህ፣ ሌላው 280 ሺህ አለ። ሁለቱም መኪናዋን በአካል አይተው ነው የጻፉት። ከፎቶ ጋር አያይዘን በደብዳቤ አስገባን። በቃል የተነገረ የደላላ ዋጋ አልያዝንም፤ ማንም አይቀበለውም ነበር።

ክርክሩ ሦስት ሳምንት ወሰደ። መጀመሪያ 320 ሺህ አሉ። በመጨረሻ 290 ሺህ ላይ ተስማማን። ስለዚህ 600 ሺህ፣ ሲቀነስ 290 ሺህ፣ ሲቀነስ 10 ሺህ፣ 300 ሺህ ብር። ከመጀመሪያው ግምት 60 ሺህ ብር በላጭ ነው። ያን ያገኘነው በሁለት ገጽ ወረቀት ነው።

ፊርማው

የካቲት ላይ ቼኩ ሲዘጋጅ አንድ ቅጽ ቀረበ። "ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ያለኝን ማንኛውንም መብት ለድርጅቱ አስተላልፌአለሁ" ይላል። ማንኛውንም የሚለው ቃል አላስፈረመንም። የመምህርቷ ጉዳት ከተከፈላቸው በላይ ነው። ድርጅቱ መተካት የሚችለው በከፈለው ልክ ነው፤ ያልተካሰው የሳቸው ነው።

የቅርንጫፉ ኃላፊ "ቀሪውን እናንተ ጠይቁ፣ ችግር የለውም" አለን። በቃል ነበር። በጽሑፍ ይሁንልን አልን። ቅጹ ላይ "ድርጅቱ በከፈለው መጠን ብቻ" የሚል ሐረግ ተጨመረና ፈረሙ። ኃላፊው አልተከፋም።

ከዚያ ሽማግሌዎቹን መልሰን ጠራን። በወቅቱ ይሠራ በነበረው አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ለንብረት ጉዳት የሚከፍለው እስከ 100 ሺህ ብር ነው። ያንን የመምህርቷ መድን ድርጅት ከአይሱዙው መድን ሊጠይቅ ሄደ። ለቀረው ጉዳት የአይሱዙው ባለቤት ራሱ ተጠያቂ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤትን መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ይህን ለሽማግሌዎቹ በእርጋታ አስረዳናቸው። 60 ሺህ ብር ላይ ታረቁ። ግማሹ ወዲያው፣ ግማሹ ለፋሲካ።

ጥገናው

ፕሮፎርማ በአዲስ ዕቃና በተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ የሚሠራ ዋጋ ነው። የመንገድ ዋጋ ሌላ ነው። መምህርቷ ያገለገለ ኮፈን፣ መብራትና የኋላ በር ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጡ። አንድ ላሜራ ሠሪ ጠቅላላውን በ310 ሺህ ብር ሊጨርስ ተዋዋለ።

ሲከፈት ያልታየ ነገር ተገኘ። የሞተሩ ማሠሪያ ተሰንጥቋል። የራዲያተሩ ፋን ሞተር ተቃጥሏል። ተጨማሪ 55 ሺህ። ጠቅላላ 365 ሺህ። ከካሳው ላይ 65 ሺህ ከኪሳቸው ጨመሩ፤ ከአይሱዙው ባለቤት የደረሳቸው 30 ሺህ ግማሹን ያህል ሸፈነላቸው።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህን መንገድ የመረጥነው ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ክፍል እንዳልተነካ ሁለት መካኒኮች ለየብቻ ካረጋገጡ በኋላ ነው። የተጣመመው ከኋላ ሳጥኑ ስር ነው። ምሰሶዎቹ ወይም ወለሉ ተጣሞ ቢሆን ኖሮ መኪናዋን አስረክበው 590 ሺሁን እንዲወስዱ ነበር የምለምናቸው። ልጅ የሚጫንበት ነገር ነው።

ለሌላው የሚሆን

በእድሳት ቀን የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ መልሱ ግን አጭር መሆን የለበትም። ከወኪሉ ጥሪ በፊት እንዳንተ ያለች መኪና ዛሬ ስንት እንደምትሸጥ ሦስት ቦታ ጠይቅ። ያንን ቁጥር አስጽፍ። ከዚያ በላይ ማስጻፍም ትርፍ የለውም፤ ዓረቦን ትከፍልበታለህ እንጂ አንቀጽ 678 ትርፉን አያስከፍልህም። ዓመቱ መሃል ላይ ገበያው ከዘለለም ዝም አትበል። ልዩነቱን ከፍሎ የመድን ገንዘቡን ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ድርጅቱን መጠየቅ ነው።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ሦስቱንም መንገድ በቁጥር እንዲያሳዩህ ጠይቅ። እንደኛ ጉዳይ ሦስተኛው ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። መለዋወጫዋ የማይገኝ መኪና ቢሆን፣ ወይም እጅህ ላይ ጥሬ ገንዘብ ባይኖር፣ አስረክቦ መሄድ ይሻላል። መምህርቷ ከ65 ሺሁ የቀረውን የሸፈኑት ከዕቁባቸው ነው። ዕቁብ ባይደርሳቸው ኖሮ መኪናዋ ግማሽ ተሠርታ ትቆም ነበር።

ሽማግሌ ሲመጣ አታባርር። ግን አትፈርም። እርቁ ከኢንሹራንሱ በኋላ ሲሆን ለሁሉም ይበጃል፤ ሰዎቹም ይህን ሲነገራቸው ይገባቸዋል።

አሁን ያለበት

መኪናዋ መጋቢት መጨረሻ ላይ ከጋራዥ ወጣች። ከአደጋው አራት ወር ተኩል በኋላ መሆኑ ነው። ምርመራ አልፋ ቦሎ ተለጥፎባታል። ባለፈው ነሐሴ ወኪሉ ሲደውል መምህርቷ "ቆይ፣ ነገ ልደውልልህ" አሉት። በማግሥቱ 1 ሚሊዮን አስጻፉ። የተጋጨች መኪና እንደመሆኗ ገበያው ከዚያ በላይ አይሰጣትም። ዓረቦኑ ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ከፈሉ።

ለፋሲካ የተባለው 30 ሺህ ብር አልመጣም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በየወሩ እየደወለ "ሽንኩርቱ ይሸጥና" ይላል። ግራ የኋላ በር ደግሞ እስካሁን ጠበቅ አድርገው ካልገፉት አይዘጋም።